ጥያቄና መልስ፦ ከሱሪ ላይ የሚራገፈው አመድ

ቤት የሚያሠሩ አንባቢ፣ ሲሚንቶው የድንጋይ ከሰል አመድ የተቀላቀለበት መሆኑ አሳስቧቸዋል። አመዱ ከኮንክሪቱ ጋር ከደረቀ ስለማይቦን አይስጉ፤ ግድግዳው ሲቆረጥ ግን ውኃ እየተረጨ ይሁን።

አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት የሚኖሩ እናት ደግሞ ባለቤታቸው ከኤሌክትሪክ ማመንጫ የድንጋይ ከሰል አመድ እንደሚያጓጉዙ፣ ማታ ሱሪያቸውን በረንዳ ላይ ሲያራግፉ የ3 ዓመት ልጃቸው ሮጣ እግራቸው ላይ እንደምትጠመጠም ጽፈዋል። አለቃቸው «ተራ አፈር ነው» ብሏል አሉ።

እህቴ፣ ተራ አፈር አይደለም። ከጭስ ማውጫው ተጣርቶ የሚሰበሰበው አመድ ከዱቄት የላመ ነው፤ በውስጡ ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሱ፣ ማለትም ከፀጉር ወደ 30 ጊዜ የሚቀጥኑ ብናኞች አሉ፤ እነዚህን አፍንጫ ስለማይዛቸው ሲሊካ የተባለውን ሳንባ የሚጎዳ ማዕድንና አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ተሸክመው ሳንባ ውስጥ ይዘልቃሉ። እዚያው ቴነሲ ውስጥ፣ ኪንግስተን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 የአመድ ግድብ ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አመድ ፈሰሰ። ያጸዱት ሠራተኞች ጭምብል ጠይቀው እንደተከለከሉ ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ፤ በ2018 ዳኞች የጽዳቱ ተቋራጭ ሠራተኞቹን ከአደጋ አልጠበቀም ብለው ፈረዱ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ግን ያኔ ታመው ነበር፤ የሞቱም ነበሩ።

ስለዚህ ልብሱ ሥራ ቦታ ይውለቅ፤ በከረጢት ታስሮ መጥቶ፣ ሳይራገፍ፣ ለብቻው ይታጠብ። በረንዳውን አይጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት። መሀረብ አይበቃም፤ ፊት ላይ በልክ የሚገጥም ኤን95 (N95) የተባለው ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል ወይም የተሻለ ከአሠሪው ይጠየቅ፤ እምቢ ካለ ስም ሳይገለጥ ለሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል። ሐኪም ያማክሩ የምለው ለወጉ አይደለም፦ ባለቤትዎ ሳል ባይኖራቸውም የሳንባ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ምን ዓይነት አመድ ላይ እንደሚሠሩም ራሳቸው ይናገሩ፤ ሳይነገረው ሐኪሙ ሊገምት አይችልም።

ይህንኑ አመድ ለጎመን ማዳበሪያ ላድርገው ላሉት፦ አያድርጉት። የእንጨት አመድ ሌላ ነገር ነው።

ቡና ስለሚያፈሉበት ከሰል የጠየቁት እናት ደግሞ አይደናገሩ፤ የእርስዎ ከሰል ከእንጨት የከሰለ እንጂ ከመሬት የተቆፈረ አይደለም። ቢሆንም አመዱን ውኃ አርከፍክፈው ይጣሉት። በር ዘግተው ግን ፈጽሞ አያቀጣጥሉ፤ ጭስ ባይታይም መርዛማው ጋዝ ይኖራል። ራስዎን ካመመዎት ወዲያው ደጅ ይውጡ።