መልስ፦ የካቢና ጎማ ተቀይሮ በሩ አልገጥም ሲል

ወንድሜ፣ የድሮዋን ፒካፕህን የካቢና ጎማ (በካቢናውና በሻሲው፣ ማለትም ከስር በሚሸከመው የብረት አካል፣ መሃል የሚገባውን ጎማ) ቀይረህ የግራው በር አልዘጋ እንዳለህ ጽፈሃል። መዶሻ ከማንሳትህ በፊት ቆይ።

በሩን ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ ሞክረው። ከተወዛወዘ ችግሩ ማጠፊያው ነው፤ ጎማው የለበትም።

ማጠፊያው ደህና ከሆነ የካቢናውን ቡሎኖች ሁሉ አላላ። አትፍታቸው፣ አላላቸው ብቻ። ብዙ ሰው አንዱን ጥርቅም አድርጎ አስሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያኔ ካቢናው ተጣሞ ይቀራል። ከዚያ ካቢናውን በክሪክ ታነሳለህ፤ ክሪኩ ላይ ሰፊ ጣውላ አድርግ፣ አለዚያ ወለሉን ይጎዳብሃል። የመሪው ዘንግ፣ ቱቦዎቹና ገመዶቹ እንዳይወጠሩ እያየህ ቀስ ብለህ አንሳ። እጅህን ከካቢናው ስር እንዳታስገባ!

በካቢናውና በኋላው መጫኛ መካከል ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ለካ። ዝቅ ያለው ጥግ ላይ፣ በሻሲውና በጎማው መሃል ቀጭን ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ጨምር። አንድ በአንድ። 2 ሚሊ እንኳ በሩ ጫፍ ላይ ጎልቶ ይታያል።

እኔ አዳማ ሳሠራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው ገጠሙልኝ። እሱ ለበረባሶ እንጂ ለካቢና አይሆንም። ውፍረቱ አንድ አልነበረም፤ ሞጆ ሳልደርስ ካቢናው መንገጫገጭ ጀመረ። ቡሎኑ የሚያልፍበትን፣ ጎማው መሃል የሚገባውን የብረት ቱቦም ረስተውታል። እሱ ከሌለ ቡሎኑን ባጠበቅህ ቁጥር ጎማው ይጨፈለቃል። ካለ ግን ቡሎኑ ቱቦው ላይ ሲያርፍ እጅህ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጥብቅ። ሳምንት ነድተህ እንደገና ፈትሻቸው።