ውርጭ የጠረባቸው «ሰዎች»፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ በያኩቲያ፣ በኡላሃን ሲስ ተራሮች ጀርባ ላይ ተሰልፈው ስለቆሙት የግራኒት ዓምዶች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ለጥቂቶቹ እነሆ።

«ፎቶግራፋቸውን ሳይ የሰው እጅ ሥራ መሰሉኝ። በእርግጥ ማንም አልጠረባቸውም?»

ማንም። ቢያሳስቱዎት ግን አይፈረድብዎትም። በያኩቶች ቋንቋ «ኪሂ» ማለት ሰው ነው፤ ዓምዶቹ ኪጊልያህ የተባሉትም ከዚሁ ቃል ነው፤ «ሰው ያለበት» እንደ ማለት። ቁመታቸው እስከ 30 ሜትር ይደርሳል።

ከደብረ ብርሃን፦ «የእኛ ውርጭ ባቄላ ያቃጥላል እንጂ ድንጋይ አይሰብርም። የእነርሱ ምን ቢሆን ነው?»

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ውኃ የሞላ ጠርሙስ ከድነው ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ረስተው ያውቃሉ? ጠዋት ሲከፍቱት ስብርባሪ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ግድግዳው ካልሰፋለት ይሰነጥቀዋል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊት ወርዶ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፤ የያኩቲያው ግን ወራት ሙሉ ከድንጋዩ አይወርድም።

ግራኒቱ ከመሬት በታች ከቅልጥ ዐለት ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቋል፤ በላዩ የነበረው ዐለት ተሸርሽሮ ሸክሙ ሲቀልለት ደግሞ አግድም ተተረተረ። ስንጥቁ የበዛበትን፣ ውኃ እየገባበት ሲቀዘቅዝ፣ በረዶው ፈረካከሰው፤ ፍርካሹም በበጋ ከሚቀልጠው አፈር ጋር ቀስ እያለ ቁልቁል ተንሸራተተ። ስንጥቁ ያነሰበት ብቻ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመንም ሌላውን ሰሜን የጠራረገው ግዙፍ የበረዶ ንጣፍ እዚህ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ብዙዎቹን ዓምዶች ሊጠራርጋቸው ይችል ነበር።

«የጠፋ ከተማ ፍርስራሽ ነው የሚሉ አሉ።»

አይደለም። ጡብ የሚመስለው ያ አግድም ስንጥቅ ነው።

«መሄድ ይቻላል?»

ገንዘብና ትዕግሥት ካለዎት። የመኪና መንገድ የለም፤ በሄሊኮፕተር፣ በጀልባ ወይም በእግር ነው። በያኩቲያ ኪጊልያህ ካለባቸው ሌሎች ቦታዎች አንዱ የቨርሆያንስክ አውራጃ ነው። የቨርሆያንስክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ፣ በ2020 ደግሞ ከዜሮ በላይ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቦባታል። ሐምሌ፣ የእኛ ክረምት፣ ለእነርሱ በጋ ነው። ብርድ ልብሱን ቀነስ አድርገው የትንኝ መከላከያ መረብ ይያዙ፤ ረግረጉ ከብርዱ ያልተናነሰ ጣጣ አለው።