በመስኖ ቧንቧ ውስጥ ተርባይን ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ኮሎራዶ ውስጥ እርሻ ገዝተናል። የመስኖ ውኃችን ከተራራ በቧንቧ ይወርዳል። ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ እኛ ጋ ሳይደርስ በቫልቭ ይቀንሱታል። ኢንጂነር የሆነ የአክስቴ ልጅ «በከንቱ ከሚባክን በቧንቧችሁ ውስጥ ትንሽ ተርባይን ግጠሙና መብራት አውጡበት» አለን። ሌላ ሰው ደግሞ የፌዴራል ፈቃድ ዓመታት ይፈጃል ብሎ አስፈራራን። እውነት ነው?

መልስ፦ ያስፈራራችሁ ሰው የሚያወራው የድሮውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሕግ ነገሩን አቅልሎታል። ቧንቧው በዋናነት የእርሻ፣ የከተማ ወይም የኢንዱስትሪ ውኃ ለማድረስ የተሠራ ከሆነና የፌዴራል መንግሥት ንብረት ካልሆነ ፈቃድ አያሻችሁም። ለፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማሳወቂያ ታስገባላችሁ። ኮሚሽኑ በ15 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ግምገማውን ይሰጣል። ከዚያ ለ30 ቀን ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። «መስፈርቱን አያሟላም» የሚል ካልመጣ አለቀ። የኃይሉ ጣሪያ መጀመሪያ 5 ሜጋዋት ነበር፤ በ2018 ወደ 40 ከፍ ብሏል። የእናንተ ነገር ወደ ጣሪያው ቀና ብሎም አያይ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የአክስትህ ልጅ «ቧንቧችሁ» ይላል፤ አንተ ደግሞ «ይቀንሱታል» ትላለህ። የሚቀንሱት እነማን ናቸው? ኮሎራዶ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቧንቧው ገበሬዎች በአክሲዮን የያዙት የመስኖ ኩባንያ ንብረት ነው። አክሲዮኑ የውኃ ድርሻ ይሰጣችኋል እንጂ ቧንቧ ቆርጣችሁ ማሽን እንድትገጥሙ አይፈቅድም። ስለዚህ ከኩባንያው ጋር የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። ተርባይኑ ሲበላሽ ውኃው በየት ያልፋል? ቧንቧ ቢፈነዳ ማን ይከፍላል? ከታች ያለው ጎረቤት ግፊት አነሰኝ ቢልስ? እነዚህ በውሉ ካልተመለሱ ጠቡ አይቀርም።

በኦሪገን ግዛት ያለችውን የፖርትላንድን ከተማ እዩ። በ2015 ከተራራ በራሱ በሚወርደው የመጠጥ ውኃ መስመር ውስጥ አራት ተርባይኖች ተተከሉ፤ በድምሩ 200 ኪሎዋት። ቧንቧው የከተማው፣ ማሽኑ የባለሀብት፣ መብራቱን የሚገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው፤ የሽያጭ ውሉም የ20 ዓመት። ሁሉም ድርሻው በወረቀት ተቀምጧል።

ቧንቧው የመንግሥት ግድቦችንና የመስኖ መስመሮችን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የሬክላሜሽን ቢሮ ንብረት ሆኖ ከተገኘ ግን የነገርኳችሁ አቋራጭ አይሠራም። ያኔ የምትደራደሩት ከቢሮው ጋር ነው፤ ኃይል የማመንጨት መብት በውል የሚሰጠው እሱ ነው።

ውኃውም የራሱ ሕግ አለው። የመስኖ መብታችሁ ለመስኖ ነው። በመስኖው ወቅት ውኃው በተርባይኑ አልፎ ማሳ ቢገባ ጣጣው ቀላል ነው። መስኖ በማይኖርበት በቅዝቃዜው ወቅት ለመብራት ብቻ እንልቀቀው ካላችሁ ግን ጉዳዩ የውኃ ፍርድ ቤት ይሆናል። ኮሎራዶ ለዚህ የተለየ ፍርድ ቤት አላት፤ ቀልድም አያውቅ።

ትርፉን ኤሌክትሪክ መሸጥስ? በ1978ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከእንዲህ ዓይነት ትናንሽ አመንጪዎች የመግዛት ግዴታ አለባቸው። ዋጋው ግን አያስደስትም፤ ብዙ ጊዜ ለፓምፓችሁና ለቤታችሁ ብትጠቀሙበት ይሻላል። ከመስመሩ ጋር ለማገናኘትም የኩባንያውን ስምምነት አስቀድማችሁ ያዙ።

እስከዚያው ተርባይን እንዳትገዙ። የአክሲዮን ሰርተፊኬታችሁንና የመስኖ ኩባንያውን መተዳደሪያ ደንብ ላኩልኝ፤ ውሉን ማርቀቅ የምንጀምረው ከእሱ ነው።