በግራም 2000 ፋራድ ይዞ ሥራ ፍለጋ

ውድ ጠያቂ፣

በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዎን ሊያጠናቅቁ ጥቂት ወራት እንደቀሩዎት፣ ለሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በፍጥነት ተቀብሎ በፍጥነት ለሚለቅ ማከማቻ) በኒኬል ስፖንጅ ላይ ያሳደጉት የኒኬልና የኮባልት ኦክሳይድ ናኖ ሽቦ በግራም 2000 ፋራድ (ፋራድ የኤሌክትሪክ መያዝ አቅም መለኪያ ነው) እንደሰጠዎት ገልጸው፣ በዚህ ውጤት ሦስተኛ ዲግሪ ይቀጥሉ ወይስ ሥራ ይፈልጉ ጠይቀውኛል። ከምርጫው በፊት ቁጥሩን እንመልከተው፤ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልዎ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነውና።

እንደ ጻፉልኝ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ናኖ ሽቦ 1 ሚሊግራም፣ የተሸከመው ስፖንጅ ደግሞ 35 ሚሊግራም ነው። በሁለቱ ድምር ክብደት ሲሰላ 2000 የነበረው ወደ 55 ይወርዳል። በተጨማሪም ሴሉ ሲያራግፍ የቮልቴጁ መስመር ቀጥ ብሎ በማዘቅዘቅ ፈንታ መሐል ላይ ጠፍጣፋ ደረጃ የሚሠራ ከሆነ (በአልካላይን ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም አዮን በሚያስተላልፍ አልካላይን ፈሳሽ ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ ኦክሳይዶች ብዙ ጊዜ ይሠራሉ) ጠባዩ የባትሪ ስለሆነ፣ ውጤቱ በፋራድ ሳይሆን በተከማቸው የቻርጅ መጠን፣ ማለትም በኩሎም ወይም በሚሊአምፒር ሰዓት፣ መገለጽ አለበት። ይህን ሳይጠየቁ ራስዎ ቢናገሩት ይመረጣል።

ስለዚህ ሌላ አዲስ ናኖ ቅርጽ ከመፈለግ ይልቅ፣ ኦክሳይዱን በዱቄት መልክ አዘጋጅተው፣ ከካርቦን ዱቄትና ከማጣበቂያ ጋር ለውሰው፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 10 ሚሊግራም እንዲጠጋ አድርገው ቀብተው፣ ከአክቲቬትድ ካርቦን (ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሉት ካርቦን) ኤሌክትሮድ ጋር ሙሉ ሴል ቢሠሩ እመክራለሁ። ኤሌክትሮዱ ሲወፍር አዮኖች ወደ ውስጥ ለመድረስ ስለሚዘገዩ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ ለምን እንደወረደ ከኢምፒዳንስ (ሴሉ ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ልኬት ተነሥቶ ማስረዳት የሚችል ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

የሥራ ፍለጋዎን በሱፐርካፓሲተር ብቻ አይወስኑት። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ዛሬም ከአክቲቬትድ ካርቦን የሚሠሩና በኪሎግራም ከ5 እስከ 10 ዋት ሰዓት የሚይዙ ናቸው፤ ሊቲየም አዮን ባትሪ ከ150 በላይ ስለሚይዝ ኢንዱስትሪው በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ኤሌክትሮድ መቀባት፣ ሴል መገጣጠምና በሺህ የሚቆጠር ዑደት መፈተን ለሁለቱም የሚያገለግል ሙያ በመሆኑ፣ በማመልከቻዎ ላይ ከናኖ ሽቦው አስቀድመው ይጻፉት።

ሦስተኛ ዲግሪን ከመረጡ፣ ቦታውን ከመቀበልዎ በፊት ቡድኑ በሁለት ኤሌክትሮድ የተሠራ ሙሉ ሴል ውጤቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የሦስት ኤሌክትሮድ ልኬት (አንዱን ኤሌክትሮድ ለብቻው የሚለካውን) ብቻ የሚያሳይዎ ከሆነ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሌላ ቡድን እፈልጋለሁ።