ስንዴ የረገጠችውና ስልክ ጠፋኝ ያለችው

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሰራ ነርስ ነኝ። ባለፈው ቡና ላይ ለንደን ያለው ያክስቴ ልጅ ደውሎ፣ የማይድን በሽታ የያዘው ሰው ሐኪም መድኃኒት አዘጋጅቶለት ራሱ ወስዶ እንዲሞት የሚፈቅድ ሕግ ላይ የእንግሊዝ ፓርላማ ድምፅ እንደሰጠ ነገረን። እናቴ አማተበች። ወንድሜ ደግሞ "በዛው ቀን አንዷ ሚኒስትር በድሮ የስልክ ማጭበርበር ስራዋን ለቃለች፣ እነዚህ ናቸው በሰው ነፍስ ላይ ሚወስኑት?" ብሎ ተነሳ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብዬ ተከራከርኩት፣ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ የናንተ ቤት ቡና የኛን ቢሮ ስብሰባ ያስንቃል። ቀኑ እውነት ነው፣ ኅዳር 20 ቀን 2017፣ አርብ፣ የጽዮን ማርያም ዋዜማ። ጠዋት የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ሉዊዝ ሄይግ መልቀቋ ተሰማ፣ ከሰዓት ረቂቁ 330 ለ275 አለፈ። ሰኔ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ልዩነቱ ጠቦ 314 ለ291 ሆነና ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሄደ።

የሴትየዋ ጥፋት እንዲህ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘርፌያለሁ ብላ ለፖሊስ ስታመለክት የመስሪያ ቤት ስልኳንም ጠፋ ካለችው ዕቃ ጋር አስቆጠረች፣ ስልኩ ግን አልተወሰደም ነበር፣ በ2014 ፍርድ ቤት ቀርባ ጥፋቷን አመነች፣ ሌላ ጥፋት እንዳትደግም ተብላ ያለ እስር ተለቀቀች። በቃ ይሄ ነው።

አሁን የወንድምሽን ነገር ከነቴሬዛ ሜይ ጋር አስተያዪው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና በ2017 እ.ኤ.አ. በቲቪ "ትልቁ ጥፋትሽ ምንድነው" ሲሏት ልጅ ሆና ከጓደኞቿ ጋር ስንዴ ማሳ ውስጥ መሮጧን ተናገረች፣ አገሩ ሁሉ ሳቀባት። እኛ ጋ ግን አይሳቅም! ቢቸና ወይ አዴት የደረሰ ጤፍ ውስጥ ግቢና ሩጪ እስኪ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባላል፣ ከዛ በኋላ የሚያነሳብሽ የለም። ሌላው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክም በ2023 መኪና ውስጥ ቪዲዮ ሲቀረፅ ቀበቶ አላሰርክም ተብሎ ተቀጣ፣ እንዲህማ ከሆነ ከቡሬ የሚነሳ ሚኒባስ ሙሉውን ወንጀለኛ ነው።

ስልኩ ግን ትንሽ ይለያል፣ ምክንያቱም ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ነው። ያ ረቂቅ ሕግ ደሞ ከላይ እስከታች የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው፦ በሽተኛው 18 ዓመት የሞላው ሆኖ፣ ሊኖር የሚችለው ከ6 ወር አይበልጥም ተብሎ፣ ማንም ሳይገፋው ፈቅጃለሁ ብሎ፣ ሁለት ሐኪም አይተውት እውነት ነው ብለው ይፈርማሉ። ስለዚህ ወንድምሽ "ምን አገናኘው" የሚባል ሰው አይደለም። ፍርዱ ላይ ግን አልስማማም፣ ጥፋቷን አምና የተቀጣች ሴት ከ10 ዓመት በኋላ ድምፅ ብትሰጥ እኔ ቅር አይለኝም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የበሽተኛው ቃል ነው። አክስቴን አንድ ሆስፒታል ሳስታምም፣ ካንሰሩ አጥንቷ ደርሶ ነበር፣ ሞርፊን የሚሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ተፃፈላትና ሶስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁ፣ ከሱ ደከም ያለውን ትራማዶል ይዤ ተመለስኩ። ማታ ልጇ ኮሪደር ላይ በስልክ "በሬውን በዛው ዋጋ ስጠው በቃ" ሲል በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማችው። ጠዋት "በቃኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ" አለች። ወረቀት መጣ፣ በራሳችን ፈቃድ ነው የምንወስዳት የሚል፣ ልጇ ከዘበኛው እስክሪብቶ ተውሶ ፈረመ። ሁላችንም "እሷ እኮ ናት ያለችው" አልን። እስካሁን እጠይቃለሁ፣ በቃኝ ያለችው እሷ ናት ወይስ በሬው?

ያገራችን የወንጀል ሕግ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳን፣ ሰውየው ከሞተ እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ይቀጣል። ያክስቴን ወረቀት ግን የሚነካው ሕግ የለም፣ ይነካው እያልኩም አይደለም። ነገር ግን ለንደን ያለው ያክስትሽ ልጅ ስለ ምርጫ ሲያወራ፣ ከመሞት ውጪ ምን አለ ሲባል መልሱ "ሞርፊን የለም" ከሆነ እሱ ምርጫ አይባልም በይው። ይሄን ደሞ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጤና ጣቢያሽ ላይ አንዱ በሽተኛ በቃኝ ካለሽ ግን ቤተሰቡን ሻይ ጠጡ ብለሽ አስወጪና፣ በሩን ዘግተሽ፣ ለብቻው ድጋሚ ጠይቂው። ከናትሽ ጋር አትከራከሪ።