«መልቲሎኩላር» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የእናቴ የአልትራሳውንድ ውጤት ላይ «መልቲሎኩላር ሲስት» የሚል አየሁ። ምን ማለት ነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ቅርጽ ነው፤ ክፉ ደጉን ሐኪሙ ይንገርዎ። «ሎኩለስ» በላቲን ትንሽ ስፍራ ነው፤ «መልቲ» ብዙ። ውስጡ በስስ ግድግዳ የተከፋፈለ ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት ማለት ነው። ባለ አንዱ «ዩኒሎኩላር» ይባላል።

ዛሬ ጠዋት ከፒያሳ ጉልት የገዛሁትን ቲማቲም በአግድም ቆረጥኩት፤ ፍሬው በየጓዳው ተኝቷል። የዕፅዋት አጥኚዎችም ቃሉን ለዚሁ ይጠቀሙበታል፤ ባሚያማ ብዙውን ጊዜ 5 ጓዳ አለው። ባለ ብዙ ኪስ ቦርሳን ግን እንዲህ የሚል የለም።

አንዳንዱ «ባለ ብዙ ሕዋስ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ አልስማማም፣ ሕዋስ ሌላ ነው። እኔ «ባለ ብዙ ጓዳ» እላለሁ።