ማታ በጥብጦ ማሳደር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ልጄ ከተወለደች 12 ቀኗ ነው፣ 3 ኪሎ ትመዝናለች። ጡቴ ስላልበቃት ሐኪም የጣሳ ወተት እንድጨምርላት አዘዘኝ። ሌሊት መነሳቱ ስለሚከብደኝ ማታ ሦስት ጡጦ በጥብጬ አልጋዬ አጠገብ አሳድራለሁ። ችግር አለው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አለው፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይተዉት። የዱቄት ወተት ጣሳው ሳይከፈትም ቢሆን ከጀርም ነፃ አይደለም። ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በጥቂቱ ሊኖሩበት ይችላሉ። ደረቅ እስከሆነ አይራቡም፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኙ ግን ይራባሉ፣ የድሬ ሌሊት ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው። ክሮኖባክተር ሁለት ወር ያልሞላውን ሕፃን ማጅራት ገትር ሊያስይዘው ይችላል። እምብዛም አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ይገድላል።

የሚያድረው ወተቱ ሳይሆን ውሃውና ዱቄቱ ይሁን፣ ለየብቻ። ማታ ውሃ አንተክትከው አፍልተው ባለ 1 ሊትር ፔርሙዝ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑ፤ ጎደሎ ፔርሙዝ ቶሎ ይበርዳል። ሻይ ወይም ቡና የሚያዝበት ባይሆን ይመረጣል። ዱቄቱን በንጹሕና በደረቀ ዕቃ ለየጊዜው ለክተው ያስቀምጡ። ጀርሙን የሚገድለው ቢያንስ 70 ዲግሪ የሆነ ውሃ ነው። ቀን ላይ 1 ሊትር አፍልተው ከሆነ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ይጠቀሙበት። ሌሊት ከፔርሙዙ ሲቀዳ የማይተን ውሃ እንደገና መፍላት አለበት።

መጀመሪያ ውሃው እስከ ምልክቱ ይገባል፣ ቀጥሎ ዱቄቱ። ዱቄቱ ከቀደመ ውሃው ያንሳል፣ ወተቱም ይወፍራል፤ ያኔ ሆዷ ይደርቃል፣ ሰውነቷ ውሃ ያጣል። ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ ማቅጠን ደግሞ የባሰ ነው፦ ክብደቷ አይጨምርም፣ በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ ሊያንቀጠቅጣት ይችላል። ብዙዎቹ ጣሳዎች አንድ ልክ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ቢሉም ለ60 የሚሉም አሉ። ስለዚህ የአንዱን ጣሳ ማንኪያ ለሌላው አይጠቀሙ። ከታይዋን ተራ የተገዛ ጣሳ ጽሑፉ በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ ከመክፈትዎ በፊት ፋርማሲ ያስነብቡ። ዱቄቱን በማንኪያው ውስጥ አይጠቅጥቁት፣ ከላይ በቢላ ጀርባ ይላጩት።

ከበጠበጡ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ያቁሙት፤ ውሃው ክዳኑ ጋ አይድረስ። አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ሲሞክሩት ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ማይክሮዌቭ አያስፈልግም፣ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ይተወዋል። የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ያልቃል ወይም ይደፋል፤ ከጠባች በኋላ የተረፈው ምራቋ ስለገባበት ወዲያው ይደፋል።

መጠኑ በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለልጅዎ 450 ይሆናል፣ በ8 ጊዜ ሲካፈል ወደ 60 ይጠጋል። ይህ ግን ጡት ለማትጠባ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ ጡቱን ያስቀድሙ፣ የጣሳው ወተት የጎደለውን ይሙላ።

ጡጦውንና ጫፉን (ጫፉን ገልብጠው) በሳሙናና በብሩሽ ካጠቡ በኋላ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘፍቀው ከፈላ ጀምሮ 10 ደቂቃ ይቀቅሉ። አየር የያዘ ጡጦ ውስጡ አይቀቀልም። በድሬ ውሃ ምክንያት የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ኖራ እንጂ ጀርም አይደለም፣ ነገር ግን ሥሩ ወተት ይደበቃል፤ አቼቶ በውሃ በጥብጠው ዘፍዝፈው ካስለቀቁት በኋላ አለቅልቀው ይቀቅሉ። ማፍያው ውስጥ የተረፈውን ውሃ ደጋግመው አያፍሉ፣ ጨዉ ይጠነክራል።

ካተኮሰች፣ መጥባት እምቢ ካለች ወይም ከፈዘዘች ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ጣሳው ተወደደብን። ለ1 ወር የልጅ ልጄ የግመል ወተት አፍልተን በውሃ ብናቀጥንለትስ? (ከሐረር)

መልስ፦ አይሆንም። ማፍላት ጀርሙን እንጂ ፕሮቲኑንና ጨዉን አይቀንስም፣ ሁለቱም ለኩላሊቱ ይከብዳሉ፤ ብረቱም አይበቃውም። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ጉልበት የሚሰጠው ነገር ይጎድላል። የላምና የፍየል ወተትም እንዲሁ 12 ወር እስኪሞላው ይቆዩ። እናቱ ካለች ወደ ጤና ጣቢያ ትምጣ፤ ደጋግሞ በማጥባት የቀነሰ ጡት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።